በይበልጣል እግር የተገራ ሞተር

ጋሪው የመጣው ወሬው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ አስረበብ ግቢ ካለው ዋርካ ስር፣ የማርያም ማህበርተኞች ተሰብስበዋል። ጸሎቱ አልቋል፣ ቆሎው ተዘግኗል። አስረበብ ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገችና «ታዲያ ያቺ ልጅ ያገባችው ማንን መሰላችሁ?» አለች። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ይኼኔ ነጩ ጋሪ ያለ ሹፌር፣ ያለ ኮቴ መጥቶ ከባንቺአየሁ ጉልበት አጠገብ ቆመ።

«እማማ ባንቺአየሁ፣ ልጅዎ የፈቀዱልዎት ሰዓት ደርሷል» አለ በለስላሳ ድምፅ።

«ቆይ፣ አንድ ቃል ሰምቼ።»

«የልብ ምትዎ ጨምሯል። ገባ ብለው ቢቀመጡ ይሻላል።»

«የጨመረውማ ባንተ ነው!»

ማንም አልሳቀም። የእያንዳንዷም ጋሪ በተራው እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃሉ። ባንቺአየሁ ቆሎዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ገባች። በሩ ሲዘጋ በመስታወቱ የአስረበብ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፣ ሴቶቹም እጃቸውን አፋቸው ላይ ሲጭኑ አየች። የተሰማ ነገር ግን የለም። የጋሪው በር ድምፅ አያስገባም።

ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ተጠሪ አለው። ልጅ ያለው ልጁ ነው፣ ልጅ የሌለው የእህቱ ልጅ፣ ዘመድ የሌለውን ሰፈሩ ይመድብለታል። ጋሪ የሚሄደውም የሚመለሰውም ተጠሪው ባለው ሰዓት ነው። የሚቆጣ የለም፣ የሚጮህ የለም። ነገሩ ሁሉ በትህትና ነው። መንገዱ ዓይንና አፍ አለው፤ ጋሪዎቹንም የሚነዳ እሱ ነው። በሩ «ነጠላዎን ረሱ» ይላል። የጨው ዕቃው የዕለቱን ቆንጥሮ ከሰጠ በኋላ ክዳኑን ይዘጋል። አንድ ቀን ባንቺአየሁ በዘነዘና መታችው፤ ይቅርታ ጠየቃት።

ቤት እንደገባች ልጇን ጠራች። ህሊና የምትኖረው አዳማ ነው፤ ሲጠሯት ግን ፊቷ ግድግዳው ላይ ይመጣል።

«ለምን አስመጣሽኝ?»

«እማዬ፣ ሌሊቱን ስትገላበጪ ነው ያደርሽው። እንድታርፊ ብዬ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አልጋው።»

«አልጋዬ! እኔ ለነፍስ አባቴ ያልነገርሁትን አልጋዬ ላንቺ ይነግርልኛል?»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«ላንቺ ብዬ እያልሽ ነው አልጫ ያደረግሽኝ። ስሚ ህሊና። ለግንቦት ልደታ ቤዛዊትን እወጣለሁ።»

ልጅቱ እናቷን ታውቃታለች። ባንቺአየሁ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ያለችውን ሳታደርግ የዋለችበት ቀን የለም።

ቤዛዊት ከከተማው ጫፍ ያለ ኮረብታ ነው። በየዓመቱ የግንቦት ልደታ ጠዋት ሽማግሌዎች ይሞክሩታል፤ በራሱ እግር ጫፍ የደረሰ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጠሪ የለበትም። ተራምዶ መውጣት ይቻላል፣ ፔዳል ረግጦም ይቻላል። ፔዳሉን የሚያግዝ ሞተር ይፈቀዳል፣ እግር ሲቆም አብሮ የሚቆም ከሆነ። ያልወጣ ደግሞ ለከርሞ ይጠብቃል፣ በጋሪው ውስጥ ተቀምጦ።

የባንቺአየሁ ጉልበት እንኳን ኮረብታ ደረጃም አይወድም። ነገር ግን ጓሮዋ ውስጥ ጆንያ የለበሰ ብስክሌት አለ። ባሕር ዳር የብስክሌት አገር በነበረች ጊዜ፣ ከጣና ዳር ዓሣ ጭና ከተማውን ሁሉ ያዳረሰችበት ጥቁር ብረት ነው። ዛሬ የሰፈሩ ልጆች «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ፔዳሉን በእጃቸው ያዞራሉ። ጆንያውን ገፈፈችው፣ ካቴናውን በዘይት አሸችው፣ እየገፋች ወደ ሞተር ተራ ወሰደችው።

የሞተር ተራ ባለሱቅ ኤፍራታ ትባላለች። እጇ ቅባት፣ ምላሷ ማር የሆነች ሴት ናት። ሞተሮቹ እንደ ድሮ ኮርቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

«እማማ፣ ይሄን ይውሰዱ» አለች የመጀመሪያውን አውርዳ። «ጎማው ላይ ነው የሚታሰረው። እርስዎ ቁጭ ነው፣ እሱ ይወስድዎታል።»

«ቁጭ ለማለትማ ቤቴ ምን አነሰኝ? እግር ሲቆም ይቆማል?»

«አይቆምም። መንገዱ ነው የሚነዳው።»

«መልሺው። ጋሪ ሸሽቼ ጋሪ ልገዛ ነው? መሃል ላይ የሚገባ የለሽም? ፔዳሉ ጋ፣ ካቴናውን ራሱን የሚጎትት።»

ኤፍራታ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ከጀርባ መጋረጃውን ገልጣ ሦስት አወጣች። በሱቁ መሞከሪያ ብስክሌት ላይ እየገጠመች ልታሳያት ነው። ባንቺአየሁ ግን «አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጪልኝ» አለች።

«ጠምቶዎት ነው?»

«አልጠማኝም። አፉ ድረስ ሙይልኝ።»

አያቷ በቅሎ ሲገዙ ጥርስ አያዩም ነበር። ብርሌ ጠጅ አስሞልተው በአንድ እጅ ይዘው ይጋልባሉ። ጠጁ ከፈሰሰ በቅሎው የጭነት ነው፤ ካልፈሰሰ ሰጋር ነው፣ ዋጋው የፈለገውን ይሁን። ባንቺአየሁም በአንድ እጇ መሪውን፣ በሌላው ብርጭቆውን ይዛ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ዳገት ያዘች።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ሞተር የሚቆጥረው የእግርን መዞር ብቻ ነው። ፔዳሉ ገና ነቅነቅ ሲል ባለ በሌለ ጉልበቱ ተፈተለከ። ውሃው ደረቷ ላይ አረፈ።

«ይሄ ያልተገራ ወጠጤ ነው» አለች ነጠላዋን እየጨመቀች። «ነካ ስታደርጊው ይፈረጥጣል።»

ሁለተኛው የዋህ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግን ቀስ እያለ ቆመ። «የልብ ምትዎ ከፍ ብሏል፤ እስኪረጋጋ እንጠብቅ» አለ።

ባንቺአየሁ እዚያው ወረደች። «ይሄንንስ ወልጄዋለሁ፣ አዳማ ነው ያለችው። አንሺልኝ።»

ሦስተኛው መልክ የለውም። ጥቁር፣ ደብልብል፣ አፍ የሌለው ነው። የእግርን ግፊት ይመዝናል፤ በቀስታ ሲረግጡት በቀስታ፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ጠበቅ አድርጎ ያግዛል። ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ የብርጭቆው ውሃ አፉ ላይ እየተንቀጠቀጠ እንዳለ ነበር።

«ሰጋር!» አለችና ውሃውን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው።

ኤፍራታ እየሳቀች እግር ያልነካው አዲስ ሞተር ከካርቶኑ አወጣች። የአሮጌውን ብረት መሃል ለካች፣ ልኩ ገጠመ፣ አሰረችው፤ መሪው ላይ በጣት የሚጫን ካምቢዮም ጨመረችለት። ስታስረክባት ሁለት ነገር ተናገረች።

«እማማ፣ ይስሙኝ። ካምቢዮ ሲቀይሩ እግርዎን ላላ ያድርጉ። ጉልበቱ ሁሉ ያለው ካቴናው ላይ ስለሆነ እየረገጡ ከቀየሩ ይበጥሰዋል። ሌላው፣ መጀመሪያ የረገጠውን ሰው እግር ይይዛል። ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፣ ሌላ ሰው ሲረግጠው ይለግማል። ሌባ እንዳይጠቀምበት ተብሎ ነው።»

«ዕድሜ ልኩን?»

«ዕድሜ ልኩን።»

ባንቺአየሁ በጣም ገባት። አንዲት እግር ሳታሳርፍበት እየገፋች ወደ ሰፈሯ ወሰደችው፤ በቀጥታ ወደ ይበልጣል ቤት።

ይበልጣል ጎረቤቷ ነው፤ አብሯት ያረጀ። በሰፈሩ እንደሱ ያለ እግረ እርጥብ የለም። አዲስ ሱቅ ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፣ ሙሽራ ቤት ደፍ የሚረግጠው እሱ ነው፣ ላም ስትገዛ በረቱን ዞሮ የሚወጣው እሱ ነው። የረገጠው ሁሉ ይባረካል። በወጣትነቱ ፎቅ ሲሠራ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩ አጥሯል፣ ያነክሳል። ለሰው ይህ ምንም አይደለም። ለመንገዱ ግን ትልቅ ነገር ነው። መንገዱ የይበልጣልን አረማመድ ባየ ቁጥር ሰው ወደቀ ብሎ አምቡላንስ ይጠራል። ምስኪኑ ሰውዬ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ስንቴ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተኝቷል! ሳይወድቅ ሲያነሱት ሰለቸው። አሁን የሚሄደው በሐይቁ ዳር፣ በደንገሉ ጀርባ፣ መንገድ በሌለበት ነው። ብስክሌትማ ከተወ ዘመን አልፎታል።

«ና፣ ርገጥልኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ይሄን። ለልደታ ቤዛዊትን ልወጣበት ነው። ባንተ እግር ይመረቅልኝ።»

«ባንቺ፣ እኔ እኮ ከረሳሁት...»

«እግር ይረሳል እንዴ? ወይስ ገድህንም አረጀሁ ብለህ ልታስቀርብኝ ነው?»

ይበልጣል ኮርቻው ላይ ወጣ። ግቢውን አንዴ ዞረ፣ ደገመ፣ ሠለሠ። በአጥር ውስጥ መንገዱ አያይም። ሽማግሌው አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን እየሳቀ ጎመኑን ድጦ ወርዶ «ይባረክ! ዳገቱ ሜዳ ይሁንልሽ!» አለ።

ባንቺአየሁ «አሜን» ብላ ብስክሌቱ ላይ ወጣች። ረገጠች። ሞተሩ ደነቆረ። ጠበቅ አደረገች፤ አንዴ ሽቅብ ነጠቃትና ተወት አደረጋት። ሦስተኛውን ስትሞክር ራሷን ጎመኑ ውስጥ አገኘችው።

ኤፍራታ ተጠርታ መጣች። ሞተሩን በጆሮዋ አዳመጠች፣ በእጇ አዞረች፣ ከዚያ ቀና አለች። «ማን ነው የረገጠው?»

«ይበልጣል።»

«እማማ! ነግሬዎት አልነበረም?»

«ነግረሽኛል። ሰምቼሻለሁ። ዕድሜ ልኩን አይረሳም አላልሽም? ታዲያ ዕድሜ ልክ ለሚኖር ነገር የደረቀ እግር ላስረግጥበት ኖሯል?»

ኤፍራታ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ሞተሩን ለማስረሳት ወደ ተሠራበት አገር ባሕር ተሻግሮ መሄድ አለበት፣ ሲመለስ ክረምቱ አልፏል። ልደታ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ይበልጣል ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ገደቢስ አደረግሁሽ» አለ።

«ዝም በል። ሞኝ አትሁን» አለችው። ከዚያ ወደ ኤፍራታ ዞረች። «ሞተሩ የሚፈልገው ምንድን ነው?»

«የእሳቸውን አረጋገጥ። በግራ ረዘም አድርጎ መጫን፣ በቀኝ ነካ ማድረግ፣ ከዚያ ትንሽ ማረፍ። እንደዚያ ሲረገጥ ብቻ ነው የሚያግዘው።»

«ታዲያ እንማራለና! ተነስ ይበልጣል፣ ከፊቴ ሂድ።»

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? የሰው ማነከስም እንደዚያው ነው። ይበልጣል ግቢውን ከፊት እየዞረ፣ ባንቺአየሁ ከኋላው ወገቡን እያየች ስታነክስ ዋለች። መጀመሪያ ደነቃቀፋት። ሁለተኛው ቀን ላይ ይበልጣል እጁን ማጨብጨብ ጀመረ፤ ዱ...ብ፣ ታ፣ ከዚያ ትንፋሽ። ዱ...ብ፣ ታ፣ ትንፋሽ። ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አውጥተው «ምን ነካችሁ?» ይላሉ። ማታ ደግሞ ግድግዳው በራ።

«እማዬ! ቤቱ እናትሽ እያነከሰች ነው አለኝ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እየተማርሁ ነው።»

«ማነከስ?»

«አዎ፣ ገና አልጎበዝሁም። ሂጂ ተኚ፤ አልጋሽ ይነግርብሻል።»

የልደታ ጠዋት የቤዛዊት ግርጌ በሰው ተሞላ። ኮረብታውን የሚሞክሩት ጥቂት ናቸው፣ የቀረው ተመልካች ነው። ጋሪዎቹም በመስመር ቆመው ይጠብቃሉ፤ አብዛኛው ሰው ተመልሶ እንደሚገባባቸው ስለሚያውቁ አይቸኩሉም። ከባንቺአየሁ ፊት የተነሳው አንድ ጡረተኛ ሰፊ ትከሻ፣ ትልቅ ሞተር ነበረው። ገደሉ ከሚባለው ቀጥ ያለ ዳገት ሲደርስ ጥርሱን ነክሶ እየረገጠ ካምቢዮ ቀየረ። ቷ! አለ። ካቴናው እንደ እባብ መንገዱ ላይ ተጋደመ። ጋሪው ሄዶ በትህትና አነሳው።

ባንቺአየሁ አማተበችና ጀመረች። በግራ ጫን፣ በቀኝ ነካ፣ ትንፋሽ። ሞተሩ አወቃት። ከስሯ ጠበቅ አድርጎ ያዛትና ብስክሌቱ እንደ ሰጋር በቅሎ ወገቡን እያወዛወዘ ሽቅብ ሄደ። ከታች የሳቁ አሉ፤ አሮጊቷ የምትጨፍር መስሏቸው።

መጀመሪያው ጥምዝ ላይ መንገዱ ተናገረ። «እማማ ባንቺአየሁ፣ ወድቀዋል። እባክዎ ባሉበት ይቆዩ፤ እርዳታ እየመጣ ነው።»

«አልወደቅሁም!»

«ወድቀዋል። አይጨነቁ።»

«ዓይን የለህም? ኮርቻዬ ላይ ነኝ!»

ከግርጌው የአምቡላንሱ መብራት ዞረ። አምቡላንሱ ከደረሰ ደግሞ አለቀ፤ የተነሳ ሰው በእግሩ ወጣ አይባልም። ባንቺአየሁ እንደ ደንቡ ቀጥ አድርጋ ብትረግጥ መንገዱ ይለቃታል፣ ሞተሩ ይለግምባታል። ካነከሰች ሞተሩ ይሸከማታል፣ መንገዱ ያስነሳታል። እግሯን አላቆመችም። ዱ...ብ፣ ታ፣ ትንፋሽ። «እኔን ካላመንህ ሞተሩን ጠይቀው!» ብላ ጮኸች፣ ከንዴት የተነሳ።

መንገዱ ጠየቀው።

መንገዱ ሰው አያምንም፣ ሞተር ግን ያምናል። ሞተሩም ያወቀው እግር አንድ ብቻ ስለሆነ የተማረውን መለሰ። እግሩ የሚያውቀው እግር ነው፣ አረጋገጡ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ የወደቀ የለም። የአምቡላንሱ መብራት ጠፋ።

«ይህ አረጋገጥ ተመዝግቧል» አለ መንገዱ። «ከእንግዲህ እንደ መውደቅ አይቆጠርም። መልካም ጉዞ።»

«ጉድ!» አለች ባንቺአየሁ። ሌላ ለማለት ትንፋሽ አልነበራትም፤ ገደሉ ጋ ደርሳለች።

እዚያ መንገዱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል። ጉልበቷ ጮኸ፣ ፔዳሉ ከበደ። ካምቢዮ መቀየር አለባት፣ ለመቀየር ደግሞ እግር ላላ ማድረግ አለባት፣ ላላ ካለች ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ከፊቷ ጭብጨባ ሰማች። ይበልጣል በጀርባ በቁጥቋጦው መንገድ ወጥቶ፣ ከጥምዙ በላይ አንድ ግራር ስር ቆሞ፣ ከመንገዱ ዓይን ርቆ፣ ያጨበጭባል። ዱ...ብ፣ ታ፣ ትንፋሽ። ትንፋሹ! የይበልጣል እግር በየመሃሉ ታርፋለች፤ ጤነኛ እግር የሌላት ዕረፍት አላት። ባንቺአየሁ ልክ እዚያች ትንፋሽ ውስጥ ካምቢዮውን በጣቷ ጫነች። ካቴናው ካንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሳይንገጫገጭ ሄደ። ፔዳሉ ቀለለ። አንዴ ደገመች፣ አሁንም ቀለለ።

ከታች ያለው ሰው ጭብጨባውን ተቀበለ። ኮረብታው ሁሉ በአንድ ሰው አነካከስ አጨበጨበ። ባንቺአየሁ ጫፍ ላይ ደረሰች፣ አንድ እግሯን አወረደች፣ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲሄድ ቁልቁል አየች።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለ መንገዱ። «ከአሁን ጀምሮ ተጠሪ የለብዎትም።»

«ዱሮም ነበረብኝ ያልኸኝ አንተ ነህ።»

ይበልጣል ከቁጥቋጦው ወጣ፣ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ግን ቆመ። ለስንት ዓመት ያልረገጠው ነገር ነው።

«ና ውጣ» አለችው ብስክሌቱን እያስያዘችው።

«አምቡላንሱስ?»

«ምዝገባህን አልሰማህም? እግርህን መንገዱ ዛሬ ተማረ። ይሄም ሞተር ያንተ ልጅ ነው፣ እኔማ ሞግዚት ነኝ። ውረድበት።»

ይበልጣል አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈ፣ ጠበቀ። ዝም ነው። ሌላውን አሳረፈ። ዝም ነው። ከዚያ ኮርቻው ላይ ወጣና ቤዛዊትን ቁልቁል ለቀቀው። ጋቢው ከኋላው እንደ ባንዲራ ተዘረጋ፤ ጩኸቱ ድልድዩ ድረስ ተሰማ። ባንቺአየሁ ነጠላዋን አጣፍታ በሰዎች መሃል በእግሯ ወረደች፣ ጉልበቷን እየሰደበች።

ከሰዓት በኋላ ከአስረበብ ዋርካ ስር የልደታ ንፍሮ ወጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሪዎቹ በየተራ መጡ፣ ሴቶቹን በትህትና እያነሱ ሄዱ። የባንቺአየሁም ጋሪ እንደ ልማዱ መጣ። ህሊና ናት የላከችው፤ ከውስጡ ድምፅዋ ተሰማ።

«እማዬ፣ አላዝዝሽም። ምናልባት ከደከመሽ ብዬ ነው።»

ባንቺአየሁ ይህን ስትሰማ ለስለስ አለች። «አልደከመኝም፣ ልጄ። ባዶውን አይመለስ» ብላ ጋሪው ውስጥ አንድ ሳህን ንፍሮ አስቀመጠች። «አዳማ ባይደርስም ለነፍስ አባቴ ያድርስልኝ።» ጋሪው ንፍሮውን ይዞ ሄደ።

«በይ አሁን፣ ያቺ ልጅ ያገባችው ማንን ነው?» አለች ወደ አስረበብ ተጠግታ።

አስረበብ ግራ ቀኝ አየች፣ ሰው ባይኖርም። «ለመንገዱ ድምፁን የሰጠውን ልጅ! ያ ሁላችንንም ወድቀዋል የሚለንን!»

«አትዪኝም!»

«ቤት ውስጥ ግን እንደዚያ ለስላሳ አይደለም አሉ። እንዲያውም የሚናገር እሷ ናት፣ እሱ...»

ከደጅ ዱ...ብ፣ ታ የሚል ድምፅ መጣ። ይበልጣል ነው። ፊቱ በነፋስ ቀልቷል፣ ጋቢው ላይ ቅጠል ተሰክቷል፤ ጠዋት እንደወጣ ገና አሁን መመለሱ ነው።

«እየመሸ ነው ባንቺ» አለ ከበሩ። «ልውሰድሽ ብዬ መጣሁ።»

«ማን ጠራህ? ወሬው ገና ነው። እስከ ጣና ዳር ዙርና ና።»

ይበልጣል ለመከፋት እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ መሪውን አዙሮ ሄዷል።